ኮምፒዩተር በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል፤ ለተማሪው ምን ሥራ ይቀርለታል?

ዛሬ ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት የሚናገር ሰው ኮምፒዩተርን ሳያነሣ ንግግሩን አይፈጽምም። አንዱ ወገን መሣሪያው መምህርን ይተካል ይላል፤ ሌላው ወገን ተማሪን ያሰንፋል ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ መሣሪያው ኃይል ነው እንጂ፥ መሣሪያው በገባበት ክፍል ውስጥ ተማሪው ምን ሲሠራ እንደሚውል የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በአገራችን በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲደረግ፥ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት መማሪያ እንግሊዝኛ እንዲሆን ተወስኗል። ይህም አሠራር እስከ ዛሬ በመሠረቱ ጸንቶ ይገኛል። ስለዚህ እንግሊዝኛ ያልገባው ተማሪ የሚወድቀው በእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። የፊዚክሱን ሕግ እያወቀ የጥያቄው ቃል ስላልገባው በፊዚክስ ይወድቃል፤ የታሪኩን ነገር እያወቀ መጻፍ ስላልቻለ በታሪክ ይወድቃል። እንዲህ ባለ አገር «ቋንቋውን በቶሎና በጥቂት ወጪ አስተምራለሁ» የሚል መሣሪያ በመጣ ቁጥር ተስፋ ማድረጋችን አያስደንቅም። ነገር ግን ተስፋችን በከንቱ እንዳይባክን መለኪያ ያስፈልገናል። እኛ የምናቀርበው መለኪያ አጭር ነው፤ ይኸውም የማስተማሪያ መሣሪያ መልካምነት የሚታወቀው መሣሪያው ራሱ በሚሠራው ሥራ ሳይሆን ለተማሪው በሚተውለት ሥራ ነው የሚል ነው።

የመጀመሪያው ተስፋ

የማስተማሪያ መኪና አሳብ በየትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ከመግባቱ በፊት የነበረ ነው። የሃርቫርዱ የሥነ ልቡና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ ያስረዳው መኪና በመስኮቱ በኩል አንድ ጥያቄ ብቻ የሚያሳይ ሣጥን ነበር። ተማሪው መልሱን ጽፎ እጀታውን ሲያንቀሳቅስ ትክክለኛው መልስ ይገለጥለታል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። ትምህርቱ በጣም ትናንሽ ወደ ሆኑ ደረጃዎች የተከፋፈለው ተማሪው እምብዛም ሳይሳሳት ወደ ፊት እንዲሄድ ታስቦ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1960፥ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘርና ባልደረቦቹ «ፕላቶ» የተባለውን በኮምፒዩተር የማስተማር ሥራ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ የስታንፎርዱ ፓትሪክ ሰፕስ «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» በተባለው መጽሔት ላይ በጻፈው ጽሑፍ አንድ ትንቢት ተናገረ። የመቄዶንያው የፊልጶስ ልጅ እስክንድር በንጉሥ ልጅነቱ ያገኘውን ዕድል፥ ማለት እንደ አርስጣጣሊስ ያለ የግል መምህር ማግኘትን፥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ልጆች ከኮምፒዩተር ያገኙታል አለ።

ምሳሌው ያማረ ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይሰውራል። እስክንድር አርስጣጣሊስን ሊጠይቀው፥ ሊከራከረው፥ ሊያሰለቸውም ይችል ነበር። የዚያን ጊዜው መኪና ግን ይጠይቃል እንጂ አይጠየቅም። ለተማሪው የቀረለት ሥራ ባዶ ቦታ መሙላት ነበር። ባዶ ቦታ መሙላት ዋጋ የለውም አንልም። ደንብ የማይከተሉትን የእንግሊዝኛ ግሦች፥ ለምሳሌ «ጎ» የሚለው ላለፈ ጊዜ «ዌንት» መሆኑን፥ «ባይ» የሚለውም «ቦት» መሆኑን በቃል ለመያዝ መደጋገም ያስፈልጋል። ለመደጋገም ደግሞ ከሚሰለች ሰው ይልቅ የማይሰለች መሣሪያ ይሻላል። ስሕተቱ የሚጀምረው ይህ መደጋገም ቋንቋ ማወቅ ነው በተባለ ጊዜ ነው።

በአገራችን የታዩ ሁለት ፈተናዎች

ይህንን ስሕተት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን «ፕላዝማ» እየተባለ የተጠራው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ገባ። እንግሊዝኛም ከሌሎች ዋና ዋና ትምህርቶች ጋር በዚሁ መንገድ ይሰጥ ነበር። ይህ መሣሪያ ኮምፒዩተር ባይሆንም ለጉዳያችን የሚጠቅም ትምህርት ትቶልናል። በመስተዋቱ ላይ የሚናገረው መምህር ፊቱ ለተማሪው ይታያል፤ እርሱ ግን የተማሪውን ፊት አያይም። ጥያቄ ያቀርብና ጥቂት ሰኮንዶች ጠብቆ መልሱን ራሱ ይናገራል። በክፍሉ ውስጥ የቆመው መምህር ትምህርቱ ሲጀመርና ሲያልቅ ከሚሰጡት ጥቂት ደቂቃዎች በቀር የመናገሪያ ጊዜ የለውም። ንግግሩ የፈጠነበት ተማሪ የሚቀርለት ሥራ ከመስተዋቱ ላይ የተጻፈውን ሳይጠፋ ቶሎ ብሎ መገልበጥ ብቻ ይሆናል። እንግዲህ በእኛ መለኪያ ስንመዝነው የፕላዝማው ጉድለት የሥዕሉ ወይም የድምፁ ጥራት አልነበረም፤ ጉድለቱ አለመጠበቁ ነው። ኮምፒዩተር ከዚህ ይሻላል፤ ምክንያቱም የተነገረውን መልሶ ያሰማል፥ ተማሪው እስኪመልስም ይጠብቃል። ይህን ብልጫውን መካድ አይገባም።

ሁለተኛው ፈተና ወንጪና ወለንጪቲ በሚባሉ የኦሮሚያ ሥፍራዎች የተደረገው ነው። «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የሚለውን ድርጅት የመሠረተው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ስለዚሁ ፈተና በአሜሪካ አገር ለተሰበሰቡ ሰዎች አስረድቶ ነበር። በያንዳንዱ ሥፍራ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ሃያ ያህል ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ታብሌቶች ያለ መምህር ተሰጡ። በታብሌቶቹ ውስጥ የተጫኑት ፕሮግራሞች በእንግሊዝኛ የተሰናዱ ነበሩ። ሕፃናቱ በጥቂት ደቂቃ መሣሪያውን መክፈት ቻሉ፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛን ፊደል መዝሙር ዘመሩ፤ በአምስት ወር ውስጥም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፍተው መሥራት ቻሉ ተባለ። ዜናው በዓለም ሁሉ ተሰማ።

የእነዚህን ሕፃናት ብልህነት የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ብልህነታቸው ስለ ምን እንደሚመሰክር ለይቶ ማየት ይገባል። ካሜራውን መክፈታቸው ስለ መሣሪያው ያገኙትን ዕውቀት ያስረዳል እንጂ ስለ እንግሊዝኛ የሚያስረዳው የለም። የፊደል መዝሙር መዘመርም ቢሆን ቋንቋ ማወቅ አይደለም። ይህንን ለመረዳት ኢትዮጵያዊ አንባቢ የሌላ አገር ምስክር አያስፈልገውም። በየኔታ ፊት ፊደል ቈጥሮ ዳዊት የደገመ ሕፃን ሁሉ ግዕዝ አይሰማም፤ ድምፁን አጥርቶ እያነበበ ትርጓሜውን ሳያውቅ ማደጉን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚህም ጋር ፈተናው «ያለ መምህር» ተብሎ ይጠራ እንጂ ያለ ሰው አልነበረም። የመንደሩ ጐልማሶች መሣሪያው በፀሐይ ኃይል እንዴት እንደሚሞላ ተምረዋል፤ ሕፃናቱ የሠሩትን የያዘውንም ካርድ በየሳምንቱ እየሄደ የሚለውጥ ሰው ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጆቹ አንዱ ያገኘውን ለሌላው ያሳይ ነበር። እኛ ከዚህ ዜና የምንወስደው ቁም ነገር ይህ የመጨረሻው ነው። መሣሪያው የፈለጉትን እንዲያገኙ ቦታ ስለ ተወላቸው ሕፃናቱ ተማሩ፤ የተማሩት ግን በአጠገባቸው ያገኙትን ነው። በእንግሊዝኛ የሚያነጋግራቸው ሰው በአጠገባቸው አልነበረም።

የተማሪው ቋንቋና የመሣሪያው ጆሮ

በገበያ ላይ የሚገኙት የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ የተሰናዱት ለዓለም ሕዝብ ሁሉ ነው። ለሁሉ የተሰናዳ ትምህርት ደግሞ ተማሪው ከየት እንደሚመጣ አያውቅም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። «አልመጣም ወይ?» ተብሎ በአማርኛ የተጠየቀ ሰው፥ ሰውዬው ያልመጣ እንደ ሆነ «አዎ፥ አልመጣም» ብሎ ይመልሳል፤ «አዎ» ማለቱ የጠያቂውን ቃል ለማጽናት ነውና። በእንግሊዝኛ ግን መልሱ «ኖ» መሆን አለበት። ስለዚህ «ዲድንት ሂ ከም?» ሲባል «የስ» ብሎ የሚመልስ ተማሪ፥ ሳያስበው ለጠያቂው ሰውዬው መጥቷል ብሎ ነገረው ማለት ነው። መሣሪያው ቀይ ምልክት አሳይቶ «ተሳስተሃል» ይለዋል። ተማሪው ግን «የስ» የሚለውን ቃል ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስለሚያውቀው በምን እንደ ተሳሳተ አይገባውም። ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያውቅ መምህር በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊያስረዳው የሚችለውን ነገር መሣሪያው በሃያ ቀይ ምልክት አያስረዳውም።

እንደዚሁም ቴሌቪዥን «ይከፈታል» ከሚለው አማርኛ የተነሣ «ኦፕን ዘ ቴሌቪዥን» የሚል ተማሪ፥ ወይም በአማርኛ የሌለውን የእንግሊዝኛ ድምፅ በ«ስ» ተክቶ «አስባለሁ» ሊል ሲያስብ «እሰምጣለሁ» የሚል ቃል ከአፉ የሚወጣ ተማሪ፥ ስሕተቱ ከድንቁርና የመጣ አይደለም። የመጣው ከሚያውቀው ቋንቋ ነው። ኦሮምኛ፥ ትግርኛ፥ ሶማልኛ ወይም ሲዳምኛ አፉን የፈታበት ተማሪም የየራሱ ምክንያት አለው።

በተለይ አነጋገርን አዳምጠው ውጤት የሚሰጡ ፕሮግራሞች ሲመዘኑ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚሠሩት የተማሪውን ድምፅ ቀደም ብለው ከለመዱት የብዙ ሰዎች ድምፅ ጋር በማነጻጸር ነው። ስለዚህ የሚሰሙት የለመዱትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአምስት ታላላቅ ኩባንያዎችን ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚለውጡ ፕሮግራሞች መርምረው ነበር። ነጭ አሜሪካውያን ሲናገሩ ፕሮግራሞቹ ከመቶ ቃል ወደ 19 ያህሉን ሲስቱ፥ ጥቁር አሜሪካውያን ሲናገሩ ግን ወደ 35 ያህሉን እንደሚስቱ አገኙ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ አፋቸውን የፈቱት በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ የእናቱ ቋንቋ የሆነውን ሰው በዚህ መጠን የሚስት ጆሮ፥ የጎንደርን ወይም የጅማን ልጅ «አልተናገርህም» ቢለው ፍርዱን እንደ መጨረሻ ፍርድ ልንቀበለው አይገባም። መስማት ያልቻለው መሣሪያው ሊሆን ይችላልና።

ትሑቱ መሣሪያ

እስካሁን ጉድለትን ስንቈጥር ቆይተናል፤ አሁን ምስጋና የሚገባውን እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1980 በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጆን ሲንክሌር ከኮሊንስ አሳታሚ ድርጅት ጋር በሚሊዮን የሚቈጠር የእንግሊዝኛ ቃል በኮምፒዩተር ውስጥ ማሰባሰብ ጀመረ፤ ከዚህም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1987 «ኮቢልድ» የተባለው መዝገበ ቃላት ታተመ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ከውጭ አገር የመጡ ተማሪዎችን ያስተምር የነበረው ቲም ጆንስ ይህን የመሰለውን የጽሑፍ ስብስብ ራሳቸው ተማሪዎቹ እንዲመረምሩት አደረገ። አሠራሩ ቀላል ነው። ተማሪው አንድ ቃል ይጽፋል፤ ኮምፒዩተሩ ያ ቃል የሚገኝበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ቃሉን በመካከል አድርጎ በመስመር በመስመር ይደረድርለታል።

በእኛ ተማሪዎች ጽሑፍ ውስጥ ዘወትር የሚገኘውን አንድ ስሕተት በዚህ መሣሪያ እንመርምር። «ስለ ችግሩ ተወያየን» ከሚለው አማርኛ የተነሣ ብዙዎቻችን «ዊ ዲስከስድ አባውት ዘ ፕሮብሌም» ብለን እንጽፋለን። «ዲስከስ» የሚለውን ቃል ፈልጎ ሃምሳ መስመር ያነበበ ተማሪ፥ ከቃሉ በኋላ ውይይት የተደረገበት ነገር ወዲያው እንደሚከተል፥ «አባውት» የሚለው ግን ከስንት አንድ ጊዜ ካልሆነ እንደማይታይ በዓይኑ ያያል። ቀጥሎም «ዲስከሽን» የሚለውን ስም ቢፈልግ «አባውት» በብዙ ቦታ ተከትሎት ያገኘዋል። እንግዲህ ደንቡን ያወጣው ተማሪው ራሱ ነው። ኮምፒዩተሩ ያደረገው ማስረጃ መደርደር ብቻ ነው፤ ማየቱ፥ ማነጻጸሩና መፍረዱ ለተማሪው ቀርቶለታል። ይህ መሣሪያ ድምፅ የለውም፥ ሥዕል የለውም፥ ተማሪውንም አያሞግስም። ሆኖም በእኛ መለኪያ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል።

ጉድለት የለበትም ማለታችን አይደለም። ገና ጥቂት ቃል ብቻ የሚያውቅ ጀማሪ ሃምሳ መስመር ሊያነብ አይችልም። የትኛው ቃል ሊፈለግ እንደሚገባ የሚመርጥ፥ የከበዱትንም መስመሮች የሚያስወግድ መምህር ያስፈልጋል። ነገር ግን ለከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች የተገባ መሣሪያ ሆኖ ሳለ በየትምህርት ክፍላችን እምብዛም ሲነገርለት አለመስማታችን ያሳዝናል።

የሚያወራው መሣሪያ

አሁን የዘመኑን ታላቅ ጥያቄ እንድረስበት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 «ቻትጂፒቲ» የተባለው ፕሮግራም ለሕዝብ ከተገለጠ ወዲህ፥ «መኪናው ይጠይቃል እንጂ አይጠየቅም» ብለን ከላይ ያቀረብነው ወቀሳ የቀረ ይመስላል። ይህ መሣሪያ ይጠየቃል፥ ይመልሳል፥ እስከ እኩለ ሌሊትም ሳይሰለች ያወራል። በክፍል ውስጥ ሰው እንዳይስቅበት ፈርቶ አፉን የማይከፍት ተማሪ ከዚህ መሣሪያ ጋር ሳያፍር ሊለማመድ ይችላል። በአንድ ክፍል ውስጥ ስድሳና ሰባ ተማሪ ለሚቀመጥበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሆኖም ሁለት ነገር እንድናስተውል ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ያረጀ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጆሴፍ ዋይዘንባም «ኤላይዛ» የምትባል ፕሮግራም ሠራ። ፕሮግራሟ የሰውን ቃል ገልብጣ መልሳ ከመጠየቅ በቀር የምታውቀው ነገር አልነበረም። ሆኖም ጸሐፊው እንኳ ከኤላይዛ ጋር ብቻዋን ለመነጋገር ከክፍሉ እንዲወጣላት እንደ ጠየቀችው እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኳል። ሰው መልስ ሲያገኝ የተሰማ ይመስለዋል። የዛሬው መሣሪያ ከኤላይዛ እጅግ የረቀቀ ነው፤ ግን እርሱም ቢሆን ከብዙ ጽሑፍ በተማረው ልማድ የሚቀጥለውን ቃል እየገመተ ይናገራል። የተሰባበረውን እንግሊዝኛችንን ሳይቸገር ስለሚረዳልን፥ አንድ ሰው ፊቱን አኰሳትሮ «ምን አልህ?» ሲለን የምናገኘውን ትምህርት ሊያስቀርብን ይችላል።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ያው አንድ መሣሪያ በሁለት ዓይነት ሊታዘዝ ይችላል። «ጻፍልኝ» ያለው ተማሪ በአንድ ደቂቃ ያማረ ድርሰት ይቀበላል፤ ለራሱ የሚቀርለት ሥራ ግን ስሙን ከላይ መጻፍ ብቻ ነው። «ይህን እኔ ጽፌዋለሁ፤ የተሳሳትሁበትን መስመር አመልክተኝ እንጂ አታርምልኝ» ያለው ተማሪ ግን ከባዱን ሥራ ለራሱ አስቀርቷል። በመሣሪያው ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው የተማሪው ድርሻ ነው።

በዚህ ረገድ መምህራንም የሚያስቡት ነገር አለ። የተማሪውን ጽሑፍ «ሰው ጻፈው ወይስ መሣሪያ?» ብሎ የሚለይ ሌላ ፕሮግራም በመግዛት ነገሩ አይፈታም። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት ሰባት እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን በ91 ድርሰቶች ላይ ሞክሯል። ድርሰቶቹን የጻፉት እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ናቸው። በአማካይ ከድርሰቶቹ ከግማሽ የሚበልጡት በሐሰት «የመሣሪያ ሥራ ነው» ተብለው ተፈረደባቸው። ምክንያቱም ጥቂት ቃል የሚያውቅ ሰው የተለመደውን ቃል ደጋግሞ ስለሚጽፍ ጽሑፉ ለፕሮግራሙ የመሣሪያ ይመስለዋል። ከዚህ የተነሣ በገዛ እጁ ለፍቶ የጻፈ ተማሪ ሌባ ሊባል ይችላል። ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ምን ይደረግ?

የመምህሩን ሸክም ሳናይ መሣሪያውን ብቻ ብንወቅስ ፍርዳችን ጐደሎ ይሆናል። ሰባ ድርሰት በአንድ ሌሊት አርሞ ለእያንዳንዱ ተማሪ ምክንያቱን ማስረዳት የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ «ኮምፒዩተር ይግባ ወይስ አይግባ?» የሚለው ክርክር ያለፈበት ነው፤ በየተማሪው ኪስ ገብቷልና። መወሰን የሚገባን የሥራውን ክፍፍል ነው።

እኛ የሚከተለውን እናቀርባለን። አንደኛ፥ መደጋገም የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ፥ ማለት የቃላት ጥናት፥ የግሥ ርባታና የአጻጻፍ ልምምድ፥ ለመሣሪያው ይሰጥ፤ መምህሩም ከዚህ የተረፈውን ሰዓት ተማሪዎቹን በእንግሊዝኛ በማነጋገር ያውለው። ሁለተኛ፥ የድርሰት የመጀመሪያ ረቂቅ በክፍል ውስጥ በእጅ ይጻፍ፤ መሣሪያው የሚገባው ከዚያ በኋላ ስሕተትን ለማመልከት ይሁን፤ ረቂቁና የታረመው ጽሑፍም አብረው ለመምህሩ ይቅረቡ። ሦስተኛ፥ በመሣሪያ የተለማመዱትን ንግግር ተማሪዎች በዚያው ሳምንት ለጓደኛ እንዲናገሩት ይደረግ፤ አድማጩ ያልገባውን እንዲጠይቅ፥ ተናጋሪውም በሌላ ቃል እንዲያስረዳ።

አራተኛው የጥናት ሥራ ነው፤ የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ሊጀምሩት የሚችሉት ነው። የአማርኛ፥ የኦሮምኛ፥ የትግርኛ፥ የሶማልኛና የሌሎችም ቋንቋዎች ተናጋሪ የሆኑ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ሲጽፉ የሚሳሳቱትን ስሕተት የጸሐፊውን ስም ሳንገልጥ፥ ፈቃዱን እየጠየቅን፥ ከነምክንያቱ እንመዝግብ። «ዲስከስ አባውት» እና ለአሉታ ጥያቄ የሚሰጠው «የስ» የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ሊሆኑ ይችላሉ። በሺህ የሚቈጠር እንዲህ ያለ ምሳሌ ሲሰበሰብ፥ ተማሪያችን ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ፕሮግራም ለመሥራት መሠረት ይሆናል፤ ፕሮግራሙ ባይሠራ እንኳ ለመምህራኑ መጽሐፍ ይሆናቸዋል። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የታረሙ የፈተና ወረቀቶች፥ አንድ ኮምፒዩተርና ሁለቱን ቋንቋዎች አስተውሎ የሚያነብ ተማሪ ይበቁታል።